«መጣሁ» ያለ ይጠበቃል

ነገሩ ቀልድ አለመሆኑ የገባኝ እናቴ የተራራ ጫማ ገዝታ የመጣች ዕለት ነው።

ጫማውን ከነካርቶኑ የምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሶሉን በጣቷ ትነካካለች። «እዪው ጥርሱን! ድንጋይ ነክሶ ይይዛል አለኝ ሻጩ» ትለኛለች። ከወንበር ስትነሳ ጉልበቷን በሁለት እጇ ደግፋ «እህህ» ብላ የምትነሳ ሴትዮ! ሐኪሙ በቀደም እኔው ፊት «እናቴ፣ ልብዎ ዳገት አይወድም፤ ደረጃም ቢሆን እያረፉ» ያላት ሴትዮ!

«ሻጩ ልብሽንም አየልሽ?» አልኳት።

«እግሬን ነው የለካው። ልቤን ምን አገባው?»

እንዲህ ናት። ደግሞ እኔን «ቃርያ» ብላ ትጠራኛለች፤ ማቃጠሉን ከማን እንደወረስኩት የማታውቅ ይመስል።

ልትወጣ ያሰበችው ፏፏቴው ጋ ነው። ከከተማችን ዳር ካለው ተራራ ላይ ይወርዳል። መንገዱ አጭር ነው፤ ሰውን የሚያታልለውም ማጠሩ ነው። ከመነሻው እስከ ጫፉ ቀጥ ያለ ዳገት ሆኖ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ዓመት ሙሉ የማይደርቅ ድንጋይ አለው። ታናሽ ወንድሜ ባለፈው ክረምት ከዚያ ድንጋይ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። ቀበርነው።

ሰው ሁሉ «ጥድፌ» ነበር የሚለው። ቁጭ ብሎ በልቶ አያውቅም። ቆሞ ይጎርሳል፣ የጫማውን ክር ደረጃ ላይ ያስራል፣ በሩን እንኳን ሳይዘጋ «መጣሁ!» ብሎ ይበራል። በእኛ አፍ መቼም «መጣሁ» የሚለው የሚሄድ ሰው ነው። ጥድፌ በዚህች ቃል ስንቴ ጉድ ሠርቶናል! «መጣሁ» ብሎ ዳቦ ሊገዛ ይወጣል፤ እኛ ያለ ዳቦ በልተን፣ ሳህኑ ታጥቦ፣ ሊመሽ ሲል እየሳቀ ከች ይላል። ዳቦውንም ረስቶት። እኔ የአፌን ስለቅበት፣ እናቴ «ተይው ልጄን» ትላለች። እሱ ሳይገባ በሩን አትቆልፍም ነበር። «መጣሁ ያለ ይጠበቃል» ነው መልሷ።

ያን ቀን አብሮት ወደ ተራራው የሄደው ኤሌክትሪሺያኑ ነው። የታችኛው ፎቅ ልጅ ነው፤ ከጥድፌ ጋር አንድ ኳስ ሲጠልዙ፣ አንድ መስኮት ሲሰብሩ ያደጉ ናቸው። ለቅሶው ላይ እናቴ ሁለት እጁን ጥርቅም አድርጋ ያዘችና «መጨረሻ ላይ ምን አለህ? ልጄ ምን አለ?» አለችው።  ልጁ የተያዙትን እጆቹን እያየ፣ «ውሃው ስር ቆሞ ወደ እኔ ዞር አለና ‹መጣሁ› አለኝ» አለ።

ለቀስተኛው በአንድ አፍ ጮኸ። እናቴ ግን ማልቀሷን ያቆመችው ያኔ ነው። አይኔ እያየ እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና ራሷን ነቀነቀች። ሌላ ቃል ቢሆን ፈጥሮ ነው ትል ነበር፤ ይቺን ቃል ግን ታውቃታለች፣ የልጇ ናት።

ከዚያን ቀን ወዲህ በራችን ተቆልፎ አያውቅም። ሌባ ይገባል ስላት «ከገባ ሻይ አፍይለት» ትለኛለች።

ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው እንግዲህ ይሄን የተራራ ነገር ያመጣችው። «መጣሁ ያለበት ቦታ ድረስ ሄጄ እቀበለዋለሁ» አለች፤ ልክ ገበያ ልሂድ እንደምትል ቀለል አድርጋ።

«እማዬ፣ ጥድፌ እኮ ሞቷል።»

«አንቺ ልትነግሪኝ ነው? በእጄ አይደል አፈር ያለበስኩት? እንደማይመጣ አውቃለሁ። ግን መጣሁ ብሎ የቀረ ሰው ዝም ብሎ አይተውም። ግማሽ መንገድ ወጥተው ይቀበሉታል።»

ምን ይባላል? አላበደችም። ሒሳቧ ልክ ነው፣ ቀልዷ ልክ ነው፣ ወጧም ጨው አልበዛበትም። ያበደች ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ እብድ ይመከራል ይባላል፣ እናት ግን ማን መክሯት!

ልምምድ ጀመረች። የምንኖረው የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የሚባል ነገር የለም። ጠዋት ጠዋት የጥድፌን ቦርሳ ውሃ የሞሉ ጠርሙሶች ጨምራበት በጀርባዋ ታዝላለች፣ አዲሱን ጫማ ታደርጋለች፣ ትወርዳለች፣ ትወጣለች። መጀመሪያ ሰሞን በየደረጃው ማረፊያ እየተቀመጠች ስለነበር ጎረቤት ወንበር አውጥቶ ያስቀምጥላት ጀመር። «ወታደር ልትገቢ ነው ወይ?» ይሏታል። «እነሱስ መች በዚህ ዕድሜ ይቀበሉኝ» ትላለች። ከቀብሩ በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የተኛች፣ አንድ ማንኪያ ሾርባ በልመና የምትጠጣ የነበረች ሴት፣ እንቁላል ቀቅላ መብላት ጀመረች። ፊቷ ሞላ። ይሄንንም አይቻለሁ፤ አላየሁም አልልም።

እሁድ እሁድ ኤሌክትሪሺያኑ ይመጣና ጠረጴዛው ላይ ያቅዳሉ። ወረቀት የለ፣ ካርታ የለ። የዳቦው ሳህን መኪና የሚቆምበት ሜዳ ነው። ማንኪያዎቹ ተደርድረው ዳገቱ ናቸው። የተደፋው ስኒ ማረፊያው ትልቁ ድንጋይ ነው። ከሁሉም ጫፍ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ይቆማል፤ እሱ ፏፏቴው ነው። እናቴ ጣቷን እያስኬደች፣ «እዚህ አርፋለሁ። እዚህ ጋ አንተ ከፊት ትስበኛለህ፣ ይቺ ነገረኛ ከኋላ ትገፋኛለች» ትላለች።

«እኔ አልገፋም። እኔ አልሄድም፣ አንቺም አትሄጂም!» እላለሁ። ማን ሰምቶኝ! ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ልጁም የእሷን ቃል እየጠበቀ ያጎነብሳል እንጂ እምቢ አይላትም። ዓመቱን ሙሉ እንዲሁ ነበር። አምፖላችን ሳይቃጠል ይቀይራል፣ ያልተበላሸ ሶኬት ፈትቶ ይገጥማል፣ ባዶ እጁን መጥቶ አያውቅም። «ልጄ» ነው የምትለው። በሆዴ፣ ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው እያልኩ አመሰግነው ነበር።

አንድ እሁድ የእጅ ምልክት ያስተምራታል። «እማማ፣ ላይ ስንደርስ በአፍ መነጋገር የለም። የውሃው ድምፅ ሌላ ነው። ጆሮዎ ስር ብጮህ እንኳን አይሰሙኝም። እጄን ወደ ላይ ካደረግኩ ይቆማሉ፤ ወደ ጎን ካደረግኩ ይቀመጣሉ።» እናቴ እንደ ተማሪ እጇን ወደ ላይ፣ ወደ ጎን ታደርጋለች። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ሳህን አጥባለሁ፤ ተናድጄም ስለነበር ሳህኑን አንኳኳለሁ። ነገሩን በጆሮዬ ሰማሁት እንጂ አላዳመጥኩትም።

የገባኝ ፀጉር ቤቴ ውስጥ ነው። ፋርማሲ ያላት ደንበኛዬ ቢጉዲን ተጠቅልላ ካስኩ ስር ተቀምጣለች። ያ የፀጉር ማድረቂያ አሮጌ ነው፤ ሲነሳ ወፍጮ ቤት ነው የሚመስለው። ጎንበስ ብዬ «ሙቀቱ በዛብሽ?» አልኳት። እሷ ፈገግ ብላ፣ መንገድ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ «ኧረ ትንሿ ናት የምታገባው! ትልቋማ እምቢ አለች!» ብላ ጮኸች።

ቤቱ በሳቅ ሞተ። እኔም እየሳቅኩ ማበጠሪያዬን አነሳሁ። ካስክ ስር ያለ ሰው እንዲህ ነው፤ የራሱን እንጂ የሌላውን አይሰማም፣ አፍሽ ሲንቀሳቀስ አይቶ የፈለገውን ይመልስልሻል። ስንት ዓመት የኖርኩበት ነገር ነው። እና እዚያው ቆሜ ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። ጆሮዎ ስር ብጮህ እንኳን አይሰሙኝም። ውሃው ስር ቆሞ ዞር አለና መጣሁ አለኝ።

እንዴት ሰማው?

ሴትዮዋን ቢጉዲኗ ራሷ ላይ እንዳለ ለባልደረባዬ ትቼ ወጣሁ። 

ልጁ ጠባቧ ሱቁ ውስጥ ነበር፤ የተፈታ ካውያ ፊቱ ተበትኖ ሽቦ ይበይዳል። ሲያየኝ ደስ ብሎት ወንበር ሊስብልኝ ተነሳ። «እቴቴ፣ ምን እግር ጣለሽ?»

«ጥድፌ መጣሁ ሲልህ የት ቆመህ ነው የሰማኸው?»

የያዘውን አስቀመጠ። ሌላ ጥያቄ አላስፈለገኝም፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፣ ፊቱ አመድ መሰለ።

«እቴቴ... እኔ ላይ ድረስ አልወጣሁም» አለ።

ግማሽ መንገድ ላይ ተጣልተው ነበር። ጥድፌ እንደ ልማዱ ይሮጣል፤ ይሄኛው ድንጋዩ እርጥብ ነው፣ ቀስ እንበል ይላል። ፈሪ አለው። ይሄም መለሰለት። ከዚያ በየፊናቸው ሆኑ፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች። ልጁ ታች ሜዳው ላይ ጠብቆ ጠብቆ፣ «ጥድፌ መቼም በሰዓቱ አይመጣ፣ የራሱ ጉዳይ» ብሎ በታክሲ ወደ ቤቱ ገባ። መውደቁን የሰማው እንደ እኛው ከሰው አፍ ነው።

«ታዲያ መጨረሻ ላይ ምን አለህ?»

የካውያውን ብሎኖች መሰብሰብ ጀመረ።

«ምን አለህ ነው የምልህ!»

«‹ሂድ ወደዛ› አለኝ።» እንባው ካውያው ላይ ተንጠባጠበ። «እጄን ይዛ ስትጠይቀኝ ምን ልበላት? ልጅሽ መጨረሻ ላይ ሂድ ወደዛ አለ ልበላት? ሁልጊዜ የሚላት ነገር አፌ ላይ መጣልኝ፣ አልኩት። በቃ አልኩት። አንድ ቀን አልቅሳበት ይወጣላታል ብዬ ነው እንጂ፣ ዓመት በሩን ትከፍትበታለች ብዬ አላሰብኩም።»

ደሜ ፈላ። «እና ያን መንገድ ሳታውቀው ነው እናቴን ልትመራት የነበረው? በማንኪያና በስኒ?»

«ሰው ጠይቄያለሁ። ወጥተው የሚያውቁ ሰዎች ነግረውኛል። እምቢ ልላት አልቻልኩም እቴቴ፤ እምቢ ካልኳት ለምን ትለኛለች።» ከዚያ እጄን ያዘኝ። «አትንገሪያት። ሰበብ ፈልጌ እሰርዘዋለሁ። መኪና ተበላሸ እላለሁ፣ መንገዱ ተዘጋ እላለሁ።»

«አንተ ሰበብ ስትደረድር እሷ ብቻዋን ትሄዳለች። አታውቃትም?»

ያውቃታል። 

ወደ ቤት ስሄድ እውነቴን ነው የምለው፣ ልነግራት ቆርጬ አልነበረም። አንዴ ልንገራት እላለሁ፣ አንዴ ምን ቆርጦኝ እላለሁ። ደረጃውን ጀምሬ ስወጣ ከበላዬ የጫማ ድምፅ ሰማሁ። እናቴ ናት። ቦርሳውን እንዳዘለች በራችን ፊት ቆማለች። የምትቀመጥባቸውን ወንበሮች ሁሉ አልፋ ወጥታለች።

«ቃርዬ! ሳላርፍ ወጣሁት! እግዜር ያሳይሽ፣ አንዴም ሳላርፍ!» አለችኝ። ትስቃለች። ከንፈሯ ግን ጠቁሯል። እጇ የደረጃውን ብረት እንደያዘ ይንቀጠቀጣል፤ ትንፋሿ ከታችኛው ፎቅ ይሰማል።

 ልትሞትብኝ ነው። ጥድፌን በላ፣ አሁን ደግሞ እሷን ሊበላ ነው ያ ድንጋይ፤ ያውም ባልተባለ ቃል። ስፈራ እንደምቆጣ ሰው ሁሉ ያውቃል። ደረጃው ላይ ቆሜ አፈነዳሁት።

«መጣሁ አላለም! የምትለፊለት ነገር የለም እማዬ። ልጁ እዚያ አልነበረም፣ ፈጥሮ ነው የነገረሽ። ጥድፌ መጣሁ አላለም!»

ብረቱን እንደያዘች አየችኝ። ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባትም። «ታዲያ ምን አለ?» አለች፤ ቀስ ብላ።

አላውቅም ማለት እችል ነበር። ምንም አላለም ማለት እችል ነበር። ምላሴ ግን ሮጠች።

«‹ሂድ ወደዛ› ነው ያለው። ተጣልተው ነበር።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ልመልሰው ብል፣ በምን ልያዘው?

እናቴ «እህ» አለች።  ቦርሳውን አወረደችና ጠርሙሶቹ እንዳይንጫጩ ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ገባች። በሩ ተዘጋ። ከዚያ ዓመት ሙሉ ያልሰማሁትን ድምፅ ሰማሁ፤ ቁልፉ ዞረ። ውጪ ቀረሁ።

አንኳኳሁ። ቆይታ ከፈተችልኝ። «ረስቼሽ ነው» አለችኝ። እየቀለደች መስሎኝ ፊቷን አየሁት። አልነበረም።

በሚቀጥለው እሁድ ኤሌክትሪሺያኑ መጣ። እንዳወቀች ያውቅ ነበር፤ እኔው ነግሬዋለሁ። እግሯ ላይ ሊወድቅ አስቦ የመጣ ይመስለኛል። እናቴ ከወንበሯ ሳትነሳ አየችውና «ይግቡ። ይቀመጡ» አለችው።

በዳይፐር እያለ ያዘለችውን ልጅ! ልጁ ሥፍራው ላይ ደርቆ ቀረ። ብትሰድበው፣ ብትረግመው፣ በጥፊ ብታጮለው ይሻለው ነበር። «እማማ...» አለ። «ሻይ ይጠጣሉ?» አለችው። በሩን ከኋላው ስቦ ወጣ። ደግሞ አልመጣም። የኮሪደራችን አምፖል ተቃጥሏል፤ እስካሁን አልተቀየረም።

ጫማው በረንዳ ላይ ነው። ደረጃውን መውጣት ተወች፣ መውረድም ተወች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። እንቁላል ቀቅዬ አቀርብላታለሁ፤ «በኋላ» ትላለች፣ እስኪበርድ። ሐኪሙ ጋ ወሰድኳት። ልቧን አዳመጠና ደስ አለው። «በጣም ጥሩ፤ ረጋ ብሏል። ዕረፍቱ ጠቅሞዎታል፣ በዚሁ ይቀጥሉ» አላት። እሷም «እሺ» አለችው።

ታዲያ ማን ነው የሚፈርድብኝ? ልክ ነበርኩ። ተራራው ይገድላት ነበር፤ ሐኪም መስክሯል፣ ከንፈሯን በዓይኔ አይቻለሁ። ውሸት ተሸክማ እንድትሞት ልተዋት ኖሯል? ለደንበኞቼ ይሄንኑ እነግራቸዋለሁ፤ እነሱም «ልክ ነሽ፣ ልክ ነሽ» ይሉኛል። ፀጉራቸው እጄ ላይ ነው፣ ምን ይበሉ!

ግን በቀን በቀን እያነሰች ስትሄድ አየሁ። የሌሊት ልብሷ ከትከሻዋ ላይ መውረድ ጀመረ። አሁን ዳገት የለም፣ ድንጋይ የለም፣ የሚያደክማት ምንም የለም፤ እና እያለቀች ነው።

ሽንፈቴን ዋጥኩና ያንን መንገድ የሚያውቅ ሰው ፈለግኩ። በደንበኛዬ በኩል ተራራው ላይ ሰው እያስጎበኘ የሚኖር ጎልማሳ አገኘሁ። ድንጋዩ ጋ መድረስ እንደሌለብን፣ ከበታቹ ውሃው የሚታይበት ደህና ቦታ እንዳለ፣ ሲደክማት በወንበር የሚሸከሟት ሰዎች እንደሚያመጣ ነገረኝ። ጫማዋን ከበረንዳ አምጥቼ አቧራውን ጠረግኩት። በማግስቱ ዓመቱ ይሞላል።

የዚያኑ ዕለት ጠዋት፣ ሥራ ከመሄዴ በፊት፣ አልጋዋ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ጠረጴዛ ጠረግኩ። የዳቦውን ሳህን አደረግኩ። ማንኪያዎቹን ደረደርኩ። ስኒውን ደፋሁት። ከጫፍ ውሃ የሞላ ብርጭቆ አቆምኩ።

«እማዬ፣ ዞር በይማ። ነገ እንሄዳለን። እዪ፣ እዚህ ከመኪና እንወርዳለን። እዚህ ታርፊያለሽ፣ የፈለግሽውን ያህል። እኔ ከኋላሽ ነኝ፣ እገፋሻለሁ፤ እስክትሰለቺ ነው የምገፋሽ።» ድምፄ እንዳይሰበር ፈጠን ፈጠን አልኩ፤ እንደ ጥድፌ። «እዚህ ጋ ደግሞ በእጅ ነው የምንግባባው፣ ታስታውሺያለሽ አይደል?»

ዞረች። ክርኗን ተደግፋ ሳህኑን አየች፣ ማንኪያዎቹን አየች። እጇን ዘረጋች፤ ጣቷን መንገዱ ላይ ልታስኬድ መስሎኝ ልቤ ዘለለ። ብርጭቆውን አነሳች። ከትራሷ ስር የጠዋት ኪኒኗን አውጥታ አፏ ውስጥ ጨመረችና ውሃውን እስከ መጨረሻው ጠጣችበት። ባዶውን ብርጭቆ ከነበረበት ቦታ፣ ከማንኪያዎቹ ጫፍ፣ ተጠንቅቃ መለሰችው።

«ወደ ማን?» አለችኝ።

  ሳህኑን፣ ማንኪያዎቹን፣ ስኒውን ለቃቀምኩ። ጫማውን አልጋው ስር ገፋ አደረግኩት። ቦርሳዬን አንግቼ በሩ ላይ ስደርስ አፌ ለምዶ «መጣ...» አልኩና የቀረውን ዋጥኩት።

«ሄድኩ እማዬ» አልኳት።

ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች።

«ሂጂ» አለችኝ።